ለየመንገዱ የየራሱ ዘይት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እጄ ነጥቷል። መጀመሪያ ልብ ያለችው ባለቤቴ አለሚቱ ናት። አንድ ቀን ምሳ ቀርቦ እጄን ስሰድ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ሞላ፣ ይኼ የማን እጅ ነው?» አለችኝ። ሳቅሁ። ኋላ ብቻዬን ስሆን ግን እጄን ገልብጬ አየሁት። ከተጋባን ጀምሮ የምታውቀው እጅ ጥፍሩ ሥር ጥቁሩ የማይጠፋ፣ በዱቄት ሳሙናና በአሸዋ ቢታሽ እንኳ የዘይት ሽታው የማይለቅ ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ነጠላዬ ውስጥ እደብቀው ነበር። አሁን እንደ ጸሐፊ እጅ ንጹሕ ሆኗል፤ ያ ጥቁር እጄ ናፈቀኝ ብል የሚያምነኝ ያለ አይመስለኝም። ይህን መጻፍ የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሞተር ሳይክል ጠጋኝ ነበርኩ። ወልድያ ጀምሬ መርሳ ላይ ጨረስኩ። ሥራችን የእንስሳት ሐኪሞችን፣ የግብርና ባለሙያዎችንና ክትባት የሚያደርሱ ሰዎችን ሞተር መንከባከብ ነው። እነዚህ ሰዎች መኪና በማይገባበት ሁሉ ይገባሉ። ደጋውን ይወጣሉ፣ ቆላውን ይወርዳሉ፣ ወንዝ ያቋርጣሉ፤ የእነሱ ሞተር መንገድ ላይ ከቆመ የሚጠብቃቸው ገበሬ ከብት ይዞ ቆሞ ይውላል። ደመወዙን አላማርርም፤ ልጆች አሳድጌበታለሁ። ወደ ኋላ ዞሬ ሳስብ ሁልጊዜ ፊቴ ድቅን የሚለው ካቴናው ነው፤ ያ ከሞተሩ ጥርስ ተነሥቶ የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ሰንሰለት። ካቴናን ያስተማሩኝ ደግሞ ጋሽ ይመር ናቸው። እሳቸው በሚሉት ልበልና፣ አላህ ይርሐማቸው።

የተቀጠርኩ ዕለት ጋሽ ይመርን ያገኘኋቸው ወልድያ ጋራዥ ውስጥ፣ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ነው። ቀጠን ያሉ፣ አጭር ሰው ናቸው። ነጭ ኮፍያቸው ዘይት የነካ ሰማያዊ ቱታ ላይ ያለ ቦታው የመጣ ይመስላል። ስሜን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው አሉኝ የመጣኸው» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ደግ። እኔ የማላውቀውን የኤሌክትሪኩን ነገር ታሳየኛለህ። እኔ ካቴና አሳይሃለሁ።»

በዚህ ተስማማን። ከዚያ በኋላ ብዙ አለቆች ተፈራርቀውብናል፤ ቁጡ ነበረ፣ ደግ ነበረ፣ ስማችንን ሳይዝ የተዛወረም ነበረ። ከሁሉም ጋር የኖርነው በዚያ በመጀመሪያው ቀን ስምምነት ነው።

ጋሽ ይመር ካቴና ከመንካታቸው በፊት የሞተሩን ቁልፍ ነቅለው ኪሳቸው ይከቱታል። ባለሞተሩ አጠገባቸው ቢቆምም፣ ሞተሩ ከጠፋ ቢቆይም ይነቅሉታል። በወጣትነታቸው አብሯቸው የሚሠራ ሰው ጎማውን በእጅ ማዞር ሰልችቶት ሞተሩን አስነሥቶ ዘይት ሲቀባ ጣቶቹን ካቴናውና ጥርሱ መሀል ሲያስበላ አይተዋል። ስለዚህ ቁልፉ ኪስ ይገባል፣ «ቢስሚላህ» ይባላል፣ ጎማው በእጅ ይዞራል።

አስተጣጠቡም የራሱ ወግ አለው። ካቴና በነጭ ጋዝ በብሩሽ ይታጠባል። ከታጠበ በኋላ በጨርቅ ይደርቃል፤ ጋዙ ሳይደርቅ የተቀባ ዘይት አብሮት ይሄዳል። ዘይቱ ጠብ የሚደረገው ከውስጥ በኩል፣ ከታችኛው መስመር ላይ ነው፤ ካቴናው ሲዞር ዘይቱን ወደ ውጭ ስለሚገፋው መንገድ ላይ ወደ መጋጠሚያዎቹ ይገባል። ሞተሩ ከመንገድ እንደገባ፣ ካቴናው ሞቅ እንዳለ ቢቀባ ይበልጥ ይጠጣል። ጠዋት ሊወጣ ያለ ሰው መጥቶ «ቅቡልኝ» ሲል ጋሽ ይመር ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። «ማታ ብታመጣው አብሮት ያድር ነበር» ይሉታል፤ ይቀቡለታል ግን። በመጨረሻ ውጭው በጨርቅ ይጠረጋል። ለእኔ የከበደኝ ይኼ ነበር። የቀባሁትን ዘይት መልሼ መጥረግ ብክነት መሰለኝ።

«ዘይት የሚፈልገው ውስጡ ነው» አሉኝ። «ውጭ የተረፈው አቧራ ቤት የሚሠራበት ነው። ጥረግ፣ ጥረግ።»

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ስማቸውን ያስጠራው «ወጣቸው» ነበር። ባልደረቦቻችን ናቸው ያን ስም ያወጡለት። ካቴናውን ፈትተው ካጠቡት በኋላ በአሮጌ ድስት ግራሶን ከወፍራም የካምቢዮ ዘይት ጋር በከሰል ያቀልጡና ካቴናውን ይዘፈዝፉታል። ሲቀዘቅዝ አውጥተው ሽቦ ላይ ይሰቅሉታል። ደጋው ላይ፣ ክረምት ሙሉ ጭቃና ውሃ ውስጥ ለሚውል ሞተር ከዚያ የተሻለ አላየሁም። ውሃ አይገባውም፤ ዝገት አያውቀውም። ከጉባ ላፍቶ ተራሮች የሚወርዱት ሠራተኞች «የጋሽ ይመርን ወጥ» ብለው ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

ከእነሱ አንዷ የሺ ነበረች። የደጋ ገበሬዎች ልጅ ናት፤ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ። በመሥሪያ ቤታችን ሞተር ከነዱት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ስለሆነች ወልድያ ከተማ ውስጥ ስታልፍ ሰው ቆሞ ያያት ነበር። እሷ ግድ የላትም። ሞተሯን «በቅሎዬ» ትለዋለች። ጋራዥ ስትመጣ በርሜል ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ሥራችንን ታያለች፤ የትኛው ገበሬ በሬ ሊያስከትብ መጥቶ የራሱን ጥርስ ሕመም እንዳማከራት ታወራለች። ጋሽ ይመር ከሁሉ ባለሞተር አብልጠው ይወዷት ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ሁለቱም ሩቅ አገር ሄደው ቀርተዋል። ለእሷ ካቴና ሲቀቡ መጥረጊያ ጨርቁን እንኳ አዲስ ያወጣሉ።

አንድ በጋ የሺ ከደጋው ተነሥታ ወደ ሀብሩ፣ ወደ ግራና በኩል ተዛወረች። እንደ ልማዷ ከመሄዷ በፊት ሞተሯን ጋራዥ አስገባች። እኔ ያን ዕለት ሌላ ሞተር ፈትቼ ነበር። ጋሽ ይመር ካቴናዋን ፈትተው አጠቡት፤ ወጣቸው ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ሰቅለው፣ መልሰው ገጠሙት። ስለ አዲሱ አለቃዋ ተጨዋወቱ። ስለ መንገዱ አልጠየቋትም፤ እሷም አላነሣችም። መርቀው ሸኟት።

ቆላው ግን ጭቃ አይደለም። በጋውን ወንዞቹ ይደርቁና መንገዱ በአሸዋ ላይ ያልፋል። ያ ወፍራም ወጥ አሸዋውን ሰብስቦ ያዘው። ዘይቱ ራሱ ሞረድ ሆነ። መጋጠሚያዎቹን እየበላ፣ ካቴናውን እያላላ ሰነበተ። አንድ ቀን የሺ ክትባት ጭና ወደ አንድ ደረቅ ወንዝ ስትወርድ ካቴናው ከጥርሱ ዘለለ፤ የፊተኛው ጥርስ ላይ ተጠቅልሎ የኋላ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ያዘው። ሞተሩ ገለበጣት። ድንጋይ ላይ ወደቀች፤ ሞተሩም እግሯ ላይ። ወደ ግራና ገበያ የሚሄዱ ሰዎች ደርሰው በቃሬዛ አወጧት። እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰብሯል።

ሞተሩን በአይሱዙ ጭኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ይመር ሞተሩ ከመኪናው ሲወርድ ቆመው ያዩ ነበር። ጎንበስ ብለው ከካቴናው ላይ ጥቁሩን ነገር በጣታቸው ዛቁት፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል አሹት። ከቆምኩበት ሆኜ አሸዋው ሲፈጭ ሰማሁት። ለረጅም ጊዜ ሲያሹት ቆዩ።

«ይኼ የእኔ እጅ ነው» አሉ።

የዚያን ጊዜው አለቃችን አቶ ጌጡ ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገሩን በአጭሩ ሊቋጩት ፈልገው፣ «ካቴናው አርጅቶ ነበር ብለን እንለፈው፤ የሰው ስም አይነሣም» አሉ።

«አላረጀም አቶ ጌጡ» አሉ ጋሽ ይመር። «ሄዳ የምትነዳበትን ሳልጠይቅ ነው የቀባሁት። የጻፉትን ይጻፉ፣ እኔ የማውቀውን አውቃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ሥራ አላቋረጡም። ጎማ ይለውጣሉ፣ ፍሬን ያስተካክላሉ። ካቴና ሲመጣ ግን፣ «ሞላ፣ እሱን አንተ እየው» ይሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ድስቱን ከሰል ላይ ሲጥዱት አላየሁም። ባለሞተሮቹ ወጡን ሲጠይቋቸው አልቋል ይሏቸው ነበር።

የሺ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች አብረን ልንጠይቃት ሄድን። የመርሳ ብርቱካን ገዝተዋል። በሩ ጋ ስንደርስ ከረጢቱን እጄ ላይ አኖሩና፣ «አንተ ግባ» አሉኝ።

«እርስዎስ?»

«እኔ እዚህ እሆናለሁ።»

ገባሁ። የሺ እግሯ ተሰቅሎ ተኝታለች፤ ፊቷ ከስቷል፤ ሳቋ ግን አልሄደም። ብርቱካኑን ስታይ፣ «ጋሽ ይመርስ?» አለችኝ።

«በር ላይ ናቸው።»

«በር ላይ ምን ያደርጋሉ?»

መሬት መሬት አየሁ። ገባት። አንድ ብርቱካን መርጣ ላጠችው፤ ለሁለት ከፈለችው። ግማሹን አፏ እየከተተች ግማሹን ሰጠችኝ።

«ይኼን ውሰድላቸው። አብረን በላን በላቸው።»

ወስጄ ሰጠኋቸው፤ ያለችኝንም ነገርኳቸው። ጋሽ ይመር የግማሽ ብርቱካኑን ቁራጮች አንድ በአንድ እየለዩ፣ እንደ ቆሙ በሉት። ከዚያ በኮፍያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠራርገው፣ «እንሂድ» አሉ።

ወራት አለፉ። ክረምቱ ሊገባ ሲል የሺ በሰው መኪና ጋራዥ መጣች። በምርኩዝ ነበር የምትራመደው። ያ እግሯ እስከ ዛሬ ትንሽ ያነክሳል። ከትከሻዋ ላይ የላስቲክ ከረጢት አወረደችና ጋሽ ይመር እግር ሥር አኖረችው። ከፈትኩት፤ አሸዋ ነው።

«የወደቅሁበት ወንዝ አሸዋ ነው» አለች። «ዘመዶቼ አምጡልኝ ብያቸው አመጡልኝ። ስድብ አይደለም ጋሼ። ሥራዬ ወደዚያው ነው። እግሬ ሲጠና እመለሳለሁ። በምን እንደምመለስ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ጋሽ ይመር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ መሀል ገባሁና፣ «ካቴናውን እኔ አሳምሬ እቀባልሻለሁ የሺ» አልኳት።

«አንተ አይደለህም፤ እሳቸው ናቸው። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈልግም።»

«ልጄ፣ ያው እጅ እኮ ነው» አሉ ጋሽ ይመር ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ። አሁን አሸዋውን ያውቃል።»

አሸዋውን እፍኝ አንሥተው በመዳፋቸው ላይ አፈሰሱት። ለአፍታ ተመለከቱትና ወደ ዕቃ መደርደሪያው ሄዱ። ከተጣሉት ካቴናዎች መሀል መርጠው በጥቂት በጥቂት ቆረጧቸው። አንዱን ወጥ ቀቡት፣ አንዱን ግራሶ፣ አንዱን የካምቢዮ ዘይት፣ አንዱን ቀጭን የሞተር ዘይት፤ አንዱን ምንም ሳይቀቡ ተዉት። ዘይት ከነካቸውም አንዳንዶቹን ጠርገው አንዳንዶቹን ሳይጠርጉ አሸዋውን ነሰነሱባቸው። ፀሐይ ላይ አስጥተዋቸው ሰነበቱ፤ ውሃ ያርከፈክፉባቸዋል፣ መልሰው አሸዋ ይነሰንሱባቸዋል። ከዚያ ቁራጮቹን አንድ በአንድ አንሥተው፣ ጆሯቸው አጠገብ አድርገው ያጥፏቸዋል፣ ይዘረጓቸዋል። እኔንም አሰሙኝ። ወጥ የተቀባው ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው ይንኮሻኮሻል። ያልተቀባው ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። የካምቢዮ ዘይቱ ተጠርጎም ቢሆን ጥቂት ይፈጫል። ቀጭኑ ዘይት፣ በጥቂቱ ገብቶ ውጭው በደንብ የተጠረገ ጊዜ፣ ድምፅ አልነበረውም። ግን ደግሞ ቶሎ ይደርቃል፤ ቶሎ ቶሎ መቀባት አለበት።

«በአሸዋ ቀጭኑን፣ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ» አሉ። «በጭቃ ወፍራሙን። ቀድሜም ማወቅ ነበረብኝ።»

የሺ ዘይቱ በጥቂቱ የሚገባበትን መላ ያመጣችው ራሷ ናት። ከሥራ ዕቃዋ ውስጥ የከብት መርፌ መውጊያ፣ ትልቁን ሲሪንጅ አወጣች፤ የመርፌውን ጫፍ አደነዘዘችው። በእሱ ዘይቱ መጋጠሚያው ላይ ብቻ በጠብታ ይወርዳል። ጋሽ ይመር ያን ሲሪንጅ ሲያዩ ከዚያ አደጋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «በቅሎሽን ልትወጊያት ነዋ» አሏት።

የሺ ወደ ሥራ በተመለሰችበት ቀን ጋራዡ ሰው ሞልቶት ነበር። ሥራ ያለው መስሎ የመጣው ሁሉ እሷን ሊያይ ነው የመጣው። ጋሽ ይመር ቁልፉን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ። «ቢስሚላህ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋትና ጠየቋት፤

«ወዴት ነሽ?»

«ግራና፣ ጋሼ። በወንዙ።»

በየመጋጠሚያው ላይ አንዳንድ ጠብታ እያኖሩ፣ ጎማውን በዝግታ እያዞሩ፣ ካቴናውን ዙረው ጨረሱ። ጠረጉት። እንደገና ጠረጉት። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ አልተዉትም። የላላ አለመሆኑን ከታች በኩል በጣታቸው ወደ ላይ ገፋ አድርገው አዩ። ቁልፏን ከኪሳቸው አውጥተው ሲሰጧት እጃቸውን ይዛ ቆየች። ከዚያ አስነሥታ ወጣች። ሰው ሁሉ ተበትኖ እሳቸው ብቻ በሩ ላይ ቆሙ። ከሰዓት በኋላ የሺ ከግራና ደውላ በደኅና ገባሁ እስክትል ድረስ ምሳቸውን አልበሉም።

«ወዴት ነህ?» ሳይባል የሚቀባ ካቴና ከዚያ በኋላ በእኛ ጋራዥ አልነበረም። ጋሽ ይመር የየመንገዱን አፈር ለማስመጣት ባለሞተሩን ሁሉ አስቸገሩ። የደጋው ጥቁር ጭቃ፣ የሲሪንቃ አቧራ፣ የሐራ ነጣ ያለው ዱቄት፣ የግራና አሸዋ፣ በጣሳ በጣሳ ተደረደሩ። አዲስ ዘይት ገበያ ላይ ሲመጣ እሳቸው ቀድመው ጠብታውን በሁለት ጣት መሀል አሽተው ሲለጠጥ የሚወጣውን ክር ያዩና፣ ቀጥለው ካቴና ቁራጭ ላይ ቀብተው ጣሳዎቹ ውስጥ ይነክሩታል። ጆሯቸው ነው የሚፈርደው።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እኔ መርሳ ወደ ተከፈተው ጋራዥ ተዛወርኩ፤ ጣሳዎቹን ወረስኩ። መርሳ ሙቀቱ ዘይቱን ራሱ ያቀጥነዋል፤ ወልድያ ላይ ጥሩ የነበረው መርሳ ላይ ይንጠባጠባል። እሱን ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ። ሞተር በየቤቱ ሲበዛ ደግሞ የግል ባለሞተሮችም ምክር ሊጠይቁ ይመጡ ጀመር። አንዱ ነጋዴ ካቴናው ሲጮህበት ቤቱ የነበረ ቅቤ ቀብቶት መጣ። ከገበያው ጀምሮ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ተከትሎታል። ውሾቹ ጋራዡ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁት እኔና እሱ ውስጥ ሆነን እየሳቅን ካቴናውን አጠብን። «ለሚስቴ እንዳትነግርብኝ» አለኝ፤ ለቅቤው ነው የፈራው።

ከዚያ የላስቲክ ቀለበት ያላቸው ካቴናዎች መጡ። መጋጠሚያቸው ውስጥ ቅባት ከፋብሪካ ተሞልቶ በትንንሽ ቀለበቶች ይታሸጋል። መጀመሪያ የመጣልኝን ባለሞተሩ በቤንዚን አጥቦ አበላሽቶት ነበር፤ ቤንዚኑ ቀለበቱን አድርቆ ሰነጠቀው። ያን ዕለት ወልድያ ለጋሽ ይመር ደውዬ ነገርኳቸው። «እንግዲህ ውስጡ የራሱን ይዞ ከመጣ የእኛ ሥራ በሩን መጠበቅ ነው» አሉኝ። ነጭ ጋዝ ግን ቀለበቱን ያን ያህል አይጎዳውም፤ በለስላሳ ብሩሽ አጥቦ ቶሎ ማድረቅ፣ ለቀለበቱ ጥቂት ዘይት፣ ከዚያ መጥረግ። አሁን ደግሞ በጣሳ የሚረጭ ዘይት መጥቷል። መልካም ነው፤ እጅ አያቆሽሽም። እኔ የምላቸው፣ ከረጩ በኋላ እንዲጠርጉት ብቻ ነው።

ጦርነቱ በመጣ ጊዜ ሁላችንም ተበታተንን። ስንመለስ ጋራዡ ባዶ ነበር፤ ቁልፍ፣ ሞተር፣ ዘይት፣ በሩ እንኳ አልቀረም። ጣሳዎቹ ብቻ ተረግጠው፣ ተደፍተው መሬት ላይ አሉ። አፈር የሚዘርፍ የለም። ተንበርክኬ የቻልኩትን በየዓይነቱ እየለየሁ ስዝቅ የሺ ደረሰች። ሳትጠይቀኝ አጠገቤ ተቀምጣ አሸዋውን ትለይ ጀመር። በሕይወት መኖራችንን የተነጋገርነው እንዲህ ነው።

አሁን የምነግራችሁ የሆነው ጡረታ ልወጣ ስል ነው። ጋሽ ይመር በጣም አርጅተው ነበር። ወልድያ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ይኖራሉ። ከየሺ ጋር ልንጠይቃቸው ሄደን ሳለ ስልክ ተደወለላቸው፤ ታላቅ እህታቸው ናቸው። ከሐራ ወጣ ብላ ባለች መንደር ይኖራሉ። ሰላምታው ረዘመ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ፍየሎቹ። ስልኩን ሲያስቀምጡ ጋሽ ይመር፣ «ድምፅዋ አለ፤ ፊቷ እየጠፋብኝ ነው» አሉ።

«ለምን አይሄዱም?» አለቻቸው የሺ።

«ሐራ ድረስ ባጃጅ አለ። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ነው፤ በእግሬ አልችለውም። እሷም ዓይኗ ደክሟል፤ አትመጣም።»

«እኔ እወስድዎታለሁ።»

ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው። የሺ ግን በማግስቱ ከነሞተሯ በራቸው ላይ ቆመች። እኔም በራሴ ሞተር ተከተልኩ። የወንድማቸው ልጅ ደግፎ አወጣቸውና ከኋላዋ አስቀመጣቸው።

«አጥብቀው ይያዙኝ ጋሼ» አለቻቸው።

«የሰው ሚስት ወገብ?» አሉ ኮስተር ብለው።

የወንድማቸው ልጅ ጋቢ አምጥቶ ሁለቱን አንድ ላይ ጠመጠማቸው። ጋሽ ይመር ከመቀመጫው በስተኋላ ያለውን ብረት ይዘው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። የሺ በዝግታ ነዳች። ከኋላ ሆኜ አያለሁ። አስፋልቱን ስንጨርስና ድንጋዩ ሲጀምር አንድ እጃቸው ብረቱን ለቀቀ፤ የካፖርቷን ጫፍ ያዘ። ቁልቁለቱ ሲመጣ ሁለተኛውም ለቀቀ። መንደሩ ጋ ስንደርስ ጉንጫቸውን ጀርባዋ ላይ አስደግፈው ነበር፤ የተኙ መስሎኝ ደንግጬ ተጠጋሁ። ዓይናቸው ክፍት ነው፤ አገር ያያሉ።

እህታቸው፣ እትዬ ዘሃራ፣ ደጃፋቸው ላይ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የሞተር ድምፅ ሲሰሙ አንገታቸውን ወደ እኛ አዞሩ።

«ማነው?»

«ይመር ነኝ።»

«ይመር የሚመጣው በስልክ ነው» አሉ ሴትዮዋ።

ጋሽ ይመር በእኔና በየሺ ተደግፈው ሄዱና እህታቸው ፊት ተንበረከኩ። እትዬ ዘሃራ እጃቸውን ሰደዱ። የወንድማቸውን ግንባር፣ አፍንጫ፣ ጢም ዳሰሱ። ኮፍያቸውን አነሡና ራሳቸውን ዳሰሱ። ከዚያ አንገታቸውን አቅፈው ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። እኔ ወደ ፍየሎቹ ዞርኩ።

ቆይተው ዕንባቸውን ጠርገው፣ «ይኼን ሁሉ ድንጋይ ማን አሳለፈህ?» አሏቸው።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ይመር።

«የትኛው? ልጆችህ ባሕር ማዶ አይደሉ?»

«ሴቷ ናት።»

«ሴት ልጅ መቼ ወለድክ አንተ?»

«ዘግይታ ነው የመጣችልኝ እቴ» አሉ።

የሺ ሞተሩ አጠገብ ቆማ ጋቢውን ታጥፍ ነበር። እጇ መሀል ላይ ቆመ። አላየችንም፤ እንደገና ዘርግታ ከመጀመሪያው ታጥፈው ጀመር። ጋሽ ይመር «ልጄ» የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት ለሰው እንደ ወጉ ሲሉት እንጂ እንዲህ ሲሉት ሰምቼ አላውቅም።

«ነይ እስቲ» አሏት እትዬ ዘሃራ። የሺ እያነከሰች ሄዳ ጎንበስ አለችላቸው። ፊቷን ዳሰሱት፤ እርጥብ ሆኖ ስላገኙት በመቀነታቸው ጫፍ አደረቁላት። «እንግዲያ አክስትሽ ነኝ። አክስት ቤት መጥቶ ሳያድሩ መመለስ የለም።»

የሺ በማግስቱ ሥራ ነበራት። እኔም ነበረኝ። ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ጋሽ ይመር። እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው፣ እህታቸው ጎን ተደላድለው ተቀምጠዋል።

«እሺ አክስቴ» አለች።

አደርን።